የ1.3 ቪትዝ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ራሴ መቀየር እፈልጋለሁ (ሱሉልታ)

ወተት በጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረጅም ነው፤ ሳልዘረዝር ከጠየቅኩ ግን መልሱም ግምት ስለሚሆን ታገሡኝ።

መኪናዬ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ናት። 1.3 ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ፣ መሪዋ ዱባይ የዞረ። ቆጣሪዋ 214,000 አልፏል። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእናቴ ጋር ስድስት ላሞች እናልባለን። ሌሊት 10 ሰዓት ይታለባል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወተቱን በቢዶን ጭኜ በእንጦጦ በኩል ወደ ድል በርና አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ለሦስት ካፌና ለሰባት ቤት አድርሼ ስመለስ ባዶዬን አይደለም፤ ሁለት ከረጢት ፉርሽካና አንድ ከረጢት የኑግ ፋጉሎ ከኋላ ጭኜ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። ይህ በሳምንት ስድስት ቀን ነው።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ውርጭ ባደረበት ቀን፣ ሞተር አስነስቼ ፍሬን ረግጬ ዲ ውስጥ ሳስገባት ምንም አትልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚያ ሰው ከኋላ በትከሻው የገፋት ይመስል ድም ብላ ትይዛለች። ወደ ኋላ ማርሽም እንደዚያው ነው። ሞቅ ካለች በኋላ ይሻላታል፤ ግን ስመለስ ዳገቱ ላይ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። ማኑዋል የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፍሪሲዮን እንደተረገጠ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። የካምቢዮ ብልሽት ሲኖር የሚያስጠነቅቀው የኦቨርድራይቭ (የአራተኛ ማርሽ) መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጋራዥ የካምቢዮ ዘይት ቀይሮልኛል። ምን ዘይት እንዳስገቡ ስጠይቅ «ቀዩን ነው» አሉኝ። የትኛውን ቀይ ብል መልስ አልነበረም። ቆሜ ሳይ ነበር፤ ዘይቱን ሞልተው ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መለኪያውን መዘዙት፣ አዩት፣ «ሞልቷል» ብለው ኮፋኖውን ዘጉ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ወስጄ ሳሳይ ሳይለኩት፣ መኪናዋንም ሳይነዷት «ካምቢዮው ሞቷል፣ ከሶማሌ ተራ ሌላ ይምጣ» ብለው የዋጋ ግምት ጻፉልኝ። የግምቱ ብዛት ሁለት ወር ወተት ሸጬ የምሰበስበው አይደለም። መኪናዋን ሽጬ ሌላ ልግዛ ብልም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ ቪትዝ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው።

ስለዚህ ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ። የሞተር ዘይትና የፍሬን ሸራ ለሦስት ዓመት ራሴ ስቀይር ቆይቻለሁ፤ ክሪክ አለኝ፣ ቡሶላ አለኝ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ አለኝ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ የወተት ትእዛዝ ይቀንሳል፤ መኪናዋን ሁለት ቀን ባቆማት የሚጎዳ ደንበኛ የለም። ያለኝ ጊዜ ያ ብቻ ነው።

የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። የትኛውን ዘይት ልግዛ? ስንት ሊትር? ግቢያችን ኮትቻ አፈር ስለሆነ ክሪኩ ይሰምጣል፤ ሲሚንቶ ያለው የማለቢያው ወለል ብቻ ነው፣ እዚያ ብሠራ ችግር አለው? ደግሞም ከሁሉ በላይ፣ እውነት ሞቷል?

---

ሰማያዊ ቱታ

እህቴ፣ እንኳን ዘረዘርሽው። በካምቢዮ ሥራ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ያላየሁትን ካምቢዮ ሞቷል አልልም፣ ድኗልም አልልም። ከጻፍሽው ሁሉ ግን ልቤን የያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ለኩት ያልሽው።

የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወርዶ እስኪጠራቀም ተጠብቆ ነው። የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮ በተቃራኒው ነው። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው (ከታች ካለው የዘይት ገንዳ) ስቦ ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረውን) እና ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚመራውን) ይሞላል፤ ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ዝቅ ይላል። ሞተሩ ሲጠፋ ከፊሉ ተመልሶ ይወርድና መለኪያው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ጠፍቶ ተለክቶ «ሞልቷል» የተባለ ካምቢዮ ሞተሩ ሲነሳ ጎዶሎ ነው። ሆንዳ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወዲያው መለካት ነው ደንቡ፤ ያንን የለመደ እጅ ቶዮታ ላይ ሲመጣ ይሳሳታል።

አሁን ምልክቶችሽን ከዚህ ጋር አያይዣቸው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የሱሉልታ ውርጭ ላይ ያደረ ካምቢዮ ደረጃው ከሁሉ ዝቅ የሚለው ጠዋት ነው። ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል። አየር ደግሞ ይታመቃል፤ ስለዚህ ግፊቱ ማርሹን የሚይዘውን ክላች እስኪያጣብቅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፣ ሲይዝም በድንገት ነው። ዳገት ላይ ዘይቱ ኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ የፓምፑ መሳቢያ እንደገና አየር ያገኛል። የምትሰሚው የባዶ ጩኸት ያ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው የምልሽ፤ ያለቀ ክላችም እንደዚያው ይጮሃል። የሚለያቸው መለካት ነው።

ስለዚህ ምንም ቡሎን ሳትፈቺ መጀመሪያ ለኪ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተሽ አሙቂያት፤ ትክክለኛው ልኬት ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሜዳ ላይ አቁሚ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ሞተሩ ይሥራ። ፍሬን እንደረገጥሽ ማርሹን ከፒ ጀምረሽ እስከ ኤል ድረስ በየቦታው ጥቂት እያቆየሽ አውርጂው፣ መልሰሽ ፒ ላይ አድርጊ። ከዚያ ሞተሩን ሳታጠፊ መለኪያውን ምዘዢው፣ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፣ መልሰሽ እስከ መጨረሻው ክተቺ፣ እንደገና ምዘዢው። «ሆት» (ትኩስ) በሚለው በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። «ኩል» (ቀዝቃዛ) የሚለው ለግምት ብቻ ነው።

ማለቢያው ያልሽውን ተጠንቀቂ። የከብት ወለል ሽንቱ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ዘይቱን ለማፍሰስ አይከፋም፤ ለመለካት ግን በፍጹም። እንደዚያ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ የተለካ ይዋሻል።

ስለ ዘይቱ፤ ያንቺ ዓይነት የመጀመሪያው ቪትዝ ባለ አራት ማርሽ የሚወስደው ቶዮታ ቲ-ፎር (T-IV) የሚባለውን ነው። ብዙውን ጊዜ መለኪያው ዘንግ ላይ ተቀርጿል፤ ቅባቱን ጠርገሽ በስልክ መብራት እይው። ደብሊው ኤስ የሚባለው ለኋለኞቹ የወጣ ቀጠን ያለ ዘይት ነው፤ አትቀላቅያቸው። «ቀይ» የዘይት ዓይነት አይደለም፣ ቀለም ነው። ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የክላች ሸራዎች የሚይዙትና የሚለቁት ዘይቱ ውስጥ ባለው ቅመም ልክ ስለሆነ ቅመሙ ሲለወጥ መንቀጥቀጥ ወይም መምታት ይመጣል።

ለክተሽ ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ ቀለሙንም፣ ሽታውንም። እስከዚያ ድረስ ፉርሽካውን በሌላ መኪና አስመጪ።

---

የካራ ልጅ

እህት፣ አትንኪው ነው የምልሽ። የኔ ኮሮላ 230,000 ላይ ነበረች፣ ዘይት ቀይሬ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አራተኛ ማርሽ ጠፋ፣ ከዚያ ሁሉም ጠፋ። አሮጌው ዘይት ነው ደግፎ የያዘው ይላሉ፤ እኔም በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ገንዘብሽን አታቃጥዪ።

---

ሰማያዊ ቱታ

የካራ ልጅ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፤ ብዙ ሰውም ላይ ደርሷል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዘይቱን ያስቀየርከው ለምን ነበር? መንሸራተት ከጀመረች በኋላ አይደለም? አብዛኛው ሰው የካምቢዮ ዘይት ትዝ የሚለው ካምቢዮው መታመም ሲጀምር ነው። ሸራው ያኔ አልቋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይመልስም። ባይቀየርም ያው ወር ላይ ነበር የምትቆመው።

ሁለተኛ፣ በማሽን ግፊት አጥበውልህ እንደሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ዝቃጭ በግፊት ካስነሱት ቫልቭ ቦዲው ውስጥ በጠባቧ ቀዳዳ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። እኔ 200,000 ያለፈ መኪና በማሽን አላጥብም። ከታች በራሱ ክብደት እንዲፈስ አድርጎ የወረደውን ያህል መተካት፣ ጥቂት ነድቶ እንደገና መድገም ነው የምመክረው። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ከታች ሲፈታ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ገደማ ነው የሚወርደው፤ ወደ ግማሹ የሚጠጋው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። አንዴ ስትቀይር ግማሹ አሮጌ ነው፣ ሁለቴ ስትቀይር ሩቡ፣ ሦስቴ ስትቀይር ስምንተኛው። ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ካምቢዮውም አይደነግጥም።

---

ቡራዩ ኬላ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የኔ የ2007 ቪትዝ 1.0 ናት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር። ይህንኑ ቲ-ፎር ብገዛ ይሆናል? ባለ ሱቁ «ለቪትዝ ነው» ብሎኛል።

---

ሰማያዊ ቱታ

አይሆንም፣ እንዳታስገባው! ከ2005 ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ቪትዝ፣ በተለይ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 1.0፣ ሲቪቲ ነው። ውስጡ የማርሽ ጥርስ እየተቀያየረ አይደለም የሚሠራው፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተወጥሮ ነው። ዘይቱ የቶዮታ ሲቪቲ ቲሲ ነው። ቲ-ፎር ካገኘ ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይፍቀዋል፤ እሱ ደግሞ አይጠገንም። «ለቪትዝ ነው» የሚባል ዘይት የለም፤ ለካምቢዮው ነው የሚገዛው። ያንተን በሌላ ጊዜ ለብቻው ጠይቅ፣ በዝርዝር እመልስልሃለሁ።

---

ወተት በጠዋት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በተናገሩት መሠረት አደረግኩ፤ ያገኘሁትን ልጻፍ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ነድቼ ተመለስኩ። ሜዳ ፍለጋ ብዙ አልተቸገርኩም፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው አስፋልት ላይ በተኛ ጠርሙስ ውሃ ሞክሬ አረፋው መሃል ላይ ሲቆም አየሁ። ሞተሩን ሳላጠፋ መዘዝኩ። የመጀመሪያውን ጠርጌ ሁለተኛውን ሳወጣ የ«ሆት» ታችኛው ምልክት ላይ ዘይት የለም። ከዚያ በታች ባለው በ«ኩል» ምልክት ላይ ጫፉን ብቻ አርሶታል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቴም ያው ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ አምስት ደቂቃ ቆይቼ ስመዘው ዘይቱ «ሆት» ላይ ወጥቶ ተገኘ! እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎዶሎ ይዤ ነው ያን ዳገት የወጣሁት።

በነጭ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ጠብ አድርጌ አየሁት። ቀይ አይደለም፤ የፈላ ሻይ ቅጠል ዓይነት ነው፣ ግን በብርሃን ሲታይ ያሳልፋል። ሽታው ትንሽ የተቃጠለ ነገር አለው። በጣት ሳሸው የሚቆረቁር ነገር የለም። ወተት የመሰለ ንጣት የለውም፤ ይህን ያየሁት ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ከተቀላቀለ እንደሚነጣ ስለማውቅ ነው። መለኪያው ላይ ቅባቱን ስጠርግ ቲ-ፎር የሚል ጽሑፍ በትንንሹ ተቀርጾ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

ዘይቱን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፣ የ4 ሊትር ቆርቆሮ። ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን አይቼ፣ ሱቁ ውስጥ ከፍቼ ቀለሙንና ሽታውን አይቼ ነው የከፈልኩት። አዲስ ሮንዴላም ገዛሁ። ቅዳሜ ልሠራው ነው። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የወረደውን ያህል መልሽ ይባላል፣ የኔ ግን ሲጀመር ጎዶሎ ነው። በምን ልለካ?

---

ሰማያዊ ቱታ

ጎበዝ። ሽታው ትንሽ መሆኑ፣ ዘይቱ ብርሃን ማሳለፉ፣ የሚቆረቁር አለመኖሩ ጥሩ ዜና ነው። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ጎማ ቢሸትሽ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምልሽ።

ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለአንቺ የወረደውን ያህል መመለስ አይሠራም፤ ጎዶሎውን መልሰሽ ጎዶሎ ነው የምታደርጊው። የወረደውን ለኪና ያንን ያህል መልሺ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሺ፣ ማርሾቹን ሁሉ አዳርሺ፣ መለኪያው «ኩል» ላይ እስኪደርስ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ። ከዚያ ነድተሽ አሙቀሽ ሜዳው ላይ «ሆት» እስኪገባ ድረስ በሩብ ሊትር፣ ከዚያም ባነሰ። ከላይኛው ምልክት እንዳታሳልፊ። ሲበዛ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ያው አየር ነው፤ የሸሸሽው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ሦስት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን ማፍሰሻ ቡሎን እንዳታምታቺ፤ ብዙ ሰው የሞተር ዘይት ልቀይር ብሎ የካምቢዮውን ያፈሳል። ያንቺ ካምቢዮ ባትሪው ባለበት ወገን ነው። ሁለተኛ፣ ትኩስ ዘይት ያቃጥላል፤ ለብ ሲል ፍቺ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳትገቢ፣ መቆሚያዎቹን አድርጊ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፊ። ሦስተኛ፣ ቡሎኑን በጉልበት አታጥብቂ፤ አካሉ ስስ ነው። አዲሱ ሮንዴላ ሲነካ ይሰማሻል፣ ከዚያ ጥቂት ብቻ ጨምሪ።

---

ወተት በጠዋት

ጨረስኩ። እንዳልዘነጋው ከነዝርዝሩ ልጻፈው፤ እንደኔ ያለ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ላሞቹን ወደ መስክ ካወጣናቸው በኋላ ወለሉን አጥቤ አደረቅኩ። መቆሚያዎቹ ሥር ሳንቃ አደረግኩ። እናቴ ከብቶቹ ሳይመለሱ ሁሉም ነገር እንዲነሳ አስጠነቀቀችኝ፤ ላም የፈሰሰ ዘይት ካገኘች ትልሳለች። ከመኪናዋ ሥር ትልቅ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ በላዩ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ። አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ አልወረደም።

ቡሎኑ በመጀመሪያ እምቢ አለ። ሩጂኔውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ፣ ቁልፉን ቀጥ አድርጌ ክንዴን ሳልወረውር በትከሻዬ ገፋሁት፤ ተፈታ። የመጨረሻውን ዙር በጣቴ ስፈታ ዘይቱ መጀመሪያ በክንዴ ላይ መጣ፣ ከዚያ ወፍራም ሆኖ ሳፋው ውስጥ መውረድ ጀመረ። እንዲንጠባጠብ ግማሽ ሰዓት ተውኩት። ቡሎኑ ላይ ግራጫ ደቃቅ ጭቃ ነበር፤ በጣቴ መሃል ሳሸው እንደ እርሳስ ብናኝ ለሰለሰ። ስንጣሪ ብረት አልነበረም። ፎቶ አንስቼዋለሁ።

የወረደውን ድሮ ለወተት እንጠቀምበት በነበረው፣ አሁን እጀታው በተሰበረው የ1 ሊትር መለኪያ ለካሁት፤ ከእንግዲህ ለወተት አይነካም፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። 2 ሊትር ከ1 ብርጭቆ የማይሞላ። እንግዲህ ከ2.5 በላይ መውረድ ካለበት፣ የጎደለው ግማሽ ሊትር ያህል ነበር ማለት ነው። የምሸጠው ወተት ግማሽ ሊትር ቢጎድል ደንበኛው በዚያው ቀን ይነግረኛል። ይህች መኪና ሁለት ዓመት ስትነግረኝ ነበር፤ ያልሰማኋት እኔ ነኝ።

በመለኪያው ቱቦ በኩል ቀጭን ማጥለያ አድርጌ 2 ሊትር ሞላሁ። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አስነስቼ ማርሾቹን አዳረስኩ፣ 4 ዲሲ ሊትር ጨመርኩ፣ «ኩል» ላይ ገባ። ያኔ ነው ወደ አስፋልቱ የሄድኩት። ወደ ጫንጮ ነድቼ ተመልሼ ስለካ ከታችኛው «ሆት» ምልክት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። 2 ዲሲ ሊትር ጨምሬ፣ እንደገና ነድቼ፣ እንደገና ለካሁ። አሁን በሁለቱ ምልክቶች መሃል ላይ ነው። በድምሩ 2.6 ሊትር ገባ። አሮጌውን በቢዶን አሽጌ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠሁት።

እሑድ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የግቢው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ አስነሳኋት። ፍሬን ረግጬ ዲ አስገባሁ። አንድ ብዬ ሳልጨርስ ያዘች። ድም የሚለው የለም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ምነው ዝም አለች?» አለችኝ፤ የለመደችው ድምፅ ስለቀረባት ነው።

ትናንት ፉርሽካውን ጭኜ ዳገቱን ወጣሁ። ከሁለት ወደ ሦስት ስትገባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኬላው አካባቢ፣ በጣም ትንሽ ጮኸች። የቀረው ሁሉ ደህና ነው። ያቺ አንዲት ጩኸት ግን አልጠፋችልኝም፤ ምን ይመስልዎታል?

---

ሰማያዊ ቱታ

እንኳን ደስ አለሽ። ጩኸቷን ሳልሰማ የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለት ዓመት ጎዶሎ ስትሠራ ሸራው ትንሽ ተበልቶ ይሆናል፤ ያ አይመለስም፣ እንዳይባስ ግን ማድረግ ይቻላል። ደግሞ አሁንም ግማሹ ያ ምንነቱ ያልታወቀው ዘይት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተሽ ሁለተኛውን ዙር ቀይሪ፣ በሦስተኛው ዙር ኮፓውን አውርጂና ውስጡ ያሉትን የብረት ብናኝ የሚሰበስቡ ማግኔቶች አጥቢ። የኮፓው ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፣ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ፣ በመስቀለኛ ተራ ነው የሚጠብቁት።

የአነዳዱን ነገር ደግሞ ላንሳ። ሞተራችን በዚህ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ የሚሆን ጉልበቱን አየር ማነስ ይወስድበታል። ስለዚህ ዳገት ላይ ነዳጅ አጥብቀሽ ትረግጫለሽ፣ ካምቢዮው ሦስትና አራት መካከል ይዋልላል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይግላል። ካምቢዮ የሚገድለው ሙቀት ነው። ከአዲሱ ገበያ መውጣት ስትጀምሪ ማርሹ ጎን ያለውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተጫኚ፣ መብራቱ ይበራል፣ አራተኛ አትገባም። በጣም ቀጥ ያለው ጋ 2 ላይ አድርጊያት። ጠዋት ወተት ጭነሽ ስትወርጂም በ2 ውረጂ፤ ፍሬኑ ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርገው የሚወርዱ አሉ፤ አንቺ እንዳታደርጊው፣ መኪናዋ በሞተሩ መያዟ ቀርቶ በፍሬን ብቻ ተንጠልጥላ ነው የምትወርደው።

ጭነቱን ሦስት ከረጢት ከምታደርጊው በሁለት መመላለስ ብታስቢበት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፤ ዘይቱ ሲጀመር ጎዶሎ ተሞልቶ ነው ወይስ እየፈሰሰም ነው? ማታ ማታ ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አንጥፊና ጠዋት እይ። ከካምቢዮው ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፋቸውን በነጭ ጨርቅ ጥረጊ፤ እዚያ ነው ብዙ ጊዜ የሚያልበው።

---

የካራ ልጅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ መንሸራተት ከጀመረች በኋላ ነበር ያስቀየርኩት፤ በማሽንም አጥበውልኝ ነበር። ወንድሜ በቅርቡ አንድ ያሪስ ገዝቷል፤ ይህን ጽሑፍ ልኬለታለሁ፣ ነገ ሞተሩ እየሠራ አብረን እንለካለን።

---

ወተት በጠዋት

ጋሼ፣ ካርቶኑን ለሦስት ሌሊት አነጠፍኩ። በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ጠብታ ነበር፣ የብር ሳንቲም የምታክል፣ ቀይ፣ አዲሱ ዘይት ነው። ቱቦዎቹን በነጭ ጨርቅ ስጠርግ ራዲያተሩ ጋ ያለው የታችኛው ጫፍ ጨርቁን አቀላው። ማሰሪያዋ ላልታ በጣት ትዞራለች። አዲስ ማሰሪያ ገዝቼ ቀየርኳት፣ የሌላኛውንም አብሬ። የትናንቱ ካርቶን ላይ የጉንዳን መንገድ እንጂ ዘይት የለበትም። በኦቨርድራይቩ ቁልፍ ዳገቱን ሁለቴ ወጣሁ፣ በሁለት ከረጢት፤ ኬላው ጋ አልጮኸችም።

ሁለተኛውን ዙር የገና በዓል ከመድረሱ በፊት፣ ወተቱ ሳይበዛብኝ፣ ታኅሣሥ 20 ላይ ልሠራው ቀጠሮ ይዣለሁ። ሌላ ቆርቆሮ ቲ-ፎር ገዝቼ መኖ ቤቱ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ከቀይ ጨርቁ መለኪያ ጋር።